ባለ ሦስት እግሩ ሳጥንና የኔ እውቀት

«አላውቅም» ለማለት ንግድ ፈቃድ አያስፈልግም። ግብርም አይከፈልበትም። አፍ ከፍቶ ማለት ብቻ ነው። ታዲያ አንተን ምን ነክቶህ ነው ይህችን ቀላል ቃል ውጠህ፣ ከአፋምቦ እስከ አዋሽ ያለውን ሰው መስታወት ስታስለቅም የከረምከው ብትሉኝ፣ መልሴ አጭር ነው፤ ባለሙያ ስለሆንኩ ነዋ! ባለሙያ ሁሉን ያውቃል። የማያውቀውን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያውቃል።

ሙያዬ ፎቶ ነው። ሰመራ ላይ፣ ከመንግሥት ቢሮዎቹ ወረድ ስትሉ፣ በሩ ላይ የሙሽራ ፎቶ የተለጠፈበት ቤት ካያችሁ የኔ ነው። ሙሽራዋ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። ፎቶዋን ፀሐይ አንጥቶት፣ ባሏ በበሩ ሲያልፍ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። የተወለድኩት ወሎ ነው። እዚህ የመጣሁት ከተማዋ ገና ስትቆረቆር፣ «ሰው ሁሉ መታወቂያ ያወጣል፤ መታወቂያ ደግሞ ያለ ፎቶ አይሆንም» ብዬ ነው። እውነትም የቢሮው ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የሎጊያው ሾፌር፣ ሁሉም እኔ ፊት ተቀምጦ አገጩን ቀና አድርጓል። በኋላ ስልክ የያዘው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነና ለእኔ የቀረኝ ጉርድ ፎቶ፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ነው። ጉርድ ፎቶ ማለት መቁረጥ ነው። ከጆሮ ውጭ ያለ ይቆረጣል፤ ከደረት በታች ያለ ይቆረጣል፤ ከኋላ አጮልቆ የሚያይ ዘመድ ካለም ይቆረጣል። እጄ ከመልመዱ የተነሣ ባለቤቴ ዘሀራ «የሰርጋችንን ፎቶ እንኳ እናቴን ቆርጦ ነው ያጠበው» እያለች እስከ ዛሬ ትከሰኛለች። ወላሂ ሳላስበው ነው።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስገባበት ሰዓት፣ ሁመድ መጣ። ሁመድ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፤ የአፋምቦ ልጅ። በሬን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ቃል ማባከን አይወድም።

«ፎቶ» አለኝ። ሰመራና ሎጊያ ላይ ስሜ ይኸው ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝን የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ነው። «ይህን እይልኝ።»

ስልኩን ሰጠኝ። አዋሽ፣ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ ፎቶ በስልኩ አንስቶ ነው ያመጣው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ቆሟል። ከጎኑ በሦስት እግር ላይ የተቀመጠ የእንጨት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ከፊቱ አንድ ሌንስ አለው፤ ከኋላው ደግሞ ሰው እጁን የሚያስገባበት የጨርቅ እጅጌ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል።

«ካሜራ ነው፣ አይደል? ምን ዓይነት ካሜራ ነው?» አለኝ።

«ለምን ፈለግከው?»

«ለእናቴ» አለ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ነገሩን አስረዳኝ። እናቱ ሐሊማ ትባላለች። አባቷ የሞተባት በልጅነቷ ነው። ሰውየው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ተነስቷል፤ ግመል ይዞ አዋሽ የወረደ ጊዜ፣ ጣቢያው አጠገብ፣ ባለ ሦስት እግር ሳጥን ባለው ሰውዬ። ይዞት የገባው ወረቀት ግን ጠቁሮ የተበላሸ ነበር። ቢሆንም አልጣለውም፤ በቆዳ ሰፍቶ አንገቱ ላይ አሰረው። ሲሞት ለልጁ ደረሳት። እሷም ከታሰረበት ፈትታው አታውቅም።

«አሁን ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነው» አለ ሁመድ። «የአባቷ ፊት ጠፍቶባታል። ድምፁን ታስታውሳለች፤ ፊቱን ግን አታስታውስም። ‹ብርሃኔ ሳያልቅ አንዴ ልየው› ትላለች። እና እኔ፣ ካሜራው ከታወቀ፣ ምስሉ ሌላ ቦታ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ነው።»

አያችሁልኝ? እዚህ ጋ ነበር «አላውቅም» ማለት። ያንን የሚያህል ሰው ስለ እናቱ ሲያወራ ድምፁ ሲቀጥን ሰምቼ አዝኛለሁ። ግን ደግሞ «ፎቶ» ብሎ የጠራኝን ሰው «ፎቶ አያውቅም» ብዬ ልመልሰው? ዘሀራም ላሚኔሽኑ ጋ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ይሄማ የታወቀ ነው። የጀርመን ካሜራ ነው፤ ፊልም ሳይመጣ በፊት የነበረ። ምስሉን መስታወት ላይ ነው የሚያስቀረው። ወረቀቱ ቢበላሽ ምንም አይደል፤ መስታወቱ ፎቶ አንሺው ቤት ይቀራል። እሱ ከተገኘ አያትህ ተገኙ ማለት ነው።»

«እንዲህ ዓይነት ካሜራ በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ ሁመድ፣ አንድ አንዱን ቃል እየለየ።

«እንዴ! ሙያዬ እኮ ነው!»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ!»

«እሺ» አለና ተነሣ። «አንተ እንዳልከው እናገራለሁ።»

ያኔ ይህ «እናገራለሁ» ምን እንደሆነ አልገባኝም። አፋር አገር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ዳጉን አላውቅም ማለቴ አይደለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ያ ዳጉ ይባላል። ዝናቡ የት ጣለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው። ያየኸውን «አየሁ» ትላለህ፤ የሰማኸውን «ከእገሌ ሰማሁ» ትላለህ፤ የገመትከውን ግን ለራስህ ትይዛለህ። እኔ ግምቴን «አይቻለሁ» ብዬ አስረከብኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ የእኛ አገር ሰዎች፤ የኔው ግን አፋፉንም አልፎ በከባድ መኪና ሄደ።

ስህተቴ አንድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሁመድ ፎቶውን ላከልኝና ወጣ። እኔም ኮምፒዩተሬ ላይ አወጣሁት። ከሳጥኑ ፊት ለፊት አንዲት እንጨት ወደ ውጭ ወጥታለች። የመጥረጊያ እጀታ ትሁን የዛፍ ቅርንጫፍ አልለየሁም፤ ብቻ ምስሉን አበላሽታዋለች። ቆረጥኳት። ከላይም ከታችም አስተካከልኩ፤ በአሮጌው ፋይል ላይ አዲሱን አስቀመጥኩ። በትልቁ አትሜ፣ ከሥሩ «ይህን ፎቶ አንሺ ወይም ቤተሰቡን የሚያውቅ ይጠቁም» ብዬ መስኮቴ ላይ ለጠፍኩት። ሁመድ በበኩሉ ስልኩ ሞልቶበት የሱን አጥፍቶታል። እንጨቷ ከዓለም ላይ ተሰናበተች ማለት ነው፤ አዋሽ ግድግዳው ላይ ካለው በስተቀር።

«ባልዲውስ?» አለችኝ ዘሀራ፣ ፎቶውን አየት አድርጋ።

«የቱ ባልዲ?»

«ከሳጥኑ ሥር ያለው። ለፎቶ ባልዲ ምን ያደርጋል?»

«ሰውየው ለሶላት ውዱእ የሚያደርግበት ነው» አልኳት ቆፍጠን ብዬ።

ጠጋ ብላ አየችው። «አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ?»

የተማረች ሚስት ችግሯ ይህ ነው። ያልተማረችም እንደዚሁ ናት መሰለኝ። ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት አንድ የሎጊያ ጋራዥ ሠራተኛ የመኪና የፊት መስታወት ታቅፎ ቆሟል። የተሰነጠቀ ነው።

«ምን ላድርግልህ?»

«መስታወት ትፈልጋለህ ተብሎ። ይህ ከአዋሽ ከመጣ መኪና የወለቀ ነው። እየው፤ እዚህ ጥግ ላይ ሰው የሚመስል ነገር አለ።»

አየሁት። ቅባት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁት። ከሰዓት በኋላ ሁለት የመብራት መስታወት መጣ። በማግስቱ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ሙሉ መስኮት ከነፍሬሙ፣ የጸጉር ቤት መስታወት መጣ። አንዲት እናት ደግሞ መስታወት ባይኖራቸው የጉልበታቸውን ራጅ አመጡልኝ። «እሱም ጥቁር ነው፤ ብርሃን ሲያዩበት ይታያል» አሉኝ። ጉልበታቸው መሆኑን አረጋግጬ መለስኩላቸው። ሰዉ ሁሉ ከልቡ ነው እኮ! አንድም የቀለደ የለም። የሐሊማ አባት ፊት መስታወት ላይ አለ ተብሏል፤ ያለው ደግሞ ፎቶ ነው፤ ፎቶ በዓይኑ አይቷል። አለቀ።

መስኮቴ ላይ የለጠፍኩት ፎቶ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ከሎጊያ የመጡ ሾፌሮች በሬ ላይ ቆመው ይከራከራሉ። አንዱ «የማር ቀፎ ነው፤ እጅጌው ንብ እንዳይነድፍ ነው» ይላል። ሌላው «የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ይህን አስፋልት ያወጣው ይሄ ሰውዬ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ባልዲውን አላየህም? ጁስ ቤት ነው!» ብሎ ማለ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ሁሉም ባልዲውን ማየታቸው ነው። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።

በሳምንቱ ሁመድ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ፈክቷል። እሱ ሲፈካ ብርቅ ነው፤ እኔ ግን ልቤ ወደቀ።

«እናቴ ልትመጣ ነው» አለኝ። «መስታወቱን ልታይ።»

«ኧረ መስታወቱ ገና አልተገኘም!»

«አለ ብለሃል። ካለ ይገኛል። እሷም የምትመጣው ለዚህ ነው። ሐኪሞቹ ቶሎ ካልታከመ ዓይኗ አይመለስም ብለዋል፤ እሷ ደግሞ ‹ከመታከሜ በፊት አባቴን ልይ፤ ሕክምናው ባይሳካ ምን ይዤ እቀራለሁ?› ብላ እምቢ አለች።»

ሰመራ ውስጥ በዚያ ወር ሰው ሲበርደው ታይቶ አያውቅም። እኔን በረደኝ። አንዲት እናት በእኔ አፍ ምክንያት ሕክምናዋን አቁማ መስታወት ትጠብቃለች!

«ሁመድ... ያ መስታወት እኮ... ምናልባት...»

«ምናልባት?» አለ። ቃሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማት ይመስል ነበር።

ዘሀራ ጣልቃ ገባች። «በዳጉ የዋሸ ሰው ምን ይሆናል ሁመድ?»

«ምንም አይሆን» አለ። «ከዚያ በኋላ ፀሐይ ወጣች ቢል፣ ሰው ወጥቶ ያያል።»

«አዋሽ እንሂድ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? «ሄደን ዋናውን ፎቶ እናያለን፤ የሰውየውን ቤተሰብ እንጠይቃለን።»

ዘሀራ ስንቅ ስታስርልኝ «ያ ረቢ፣ የዚህን ሰውዬ አፍ እንኳ ባይሆን የሴትየዋን ዓይን እይላት» ብላ ዱዓ አደረገች። ሰምቻታለሁ።

በሁመድ መኪና ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። ያ መንገድ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሁመድ የቆመበት ሁሉ ሰው ይመጣል፤ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። «መስታወቱን አየሁ ያለው እሱ ነው?» «እሱ ነው።» «አላህ ያግዘው!» ሚሌ ላይ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ለሙት ፊት የሚደክም ሰው አላህ ይወደዋል» ሲሉኝ መኪናው ሥር ገብቼ መተኛት አማረኝ። ሰው ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ምርቃቱ ነው የገደለኝ።

አዋሽ ደረስን። ሆቴሉ ከጣቢያው ብዙ አይርቅም። ባለቤቱ እትዬ አልማዝ የሚባሉ፣ ወገባቸውን በነጠላ ያሰሩ ሴትዮ ናቸው። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ገና ከበሩ አየሁት።

«እትዬ፣ ያንን ፎቶ ማውረድ ይቻላል?»

«ፎቶው የሚወርደው ምሳ ላዘዘ ነው» አሉ።

አዘዝን። አወረዱልን፤ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉልን። ሰውየውን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሆቴሉን የገዛሁት ከነፎቶው ነው፤ እኔ ስመጣ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ልጅ የለው፣ ዘመድ የለው። ዕቃውንም ምስጥ በላው ሲሉ ነው የሰማሁት» አሉኝ። ቤተሰብ የለም። ዕቃ የለም። መስታወትማ ቀድሞም አልነበረም፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሁመድም እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው።

እኔም ዓይኑን ላለማየት ፎቶው ላይ ተደፋሁ። ያን ጊዜ ነው እንጨቷን ያየኋት። ከነሙሉ ክብሯ። የመጥረጊያ እጀታ አይደለችም፤ ቅርንጫፍም አይደለችም። ከሳጥኑ ሆድ ሥር የወጣች ክንድ ናት። ጫፏ ላይ ትንሽ ጣውላ ቆማለች። ጣውላዋ ላይ አንዲት ወረቀት ተጣብቃለች። ወረቀቷ ደግሞ ፊቷን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሌንሱ አዙራለች።

ካሜራ ወረቀት ፎቶ ያነሳል እንዴ?

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ባልዲውን አየሁ፤ ውስጡ ወረቀት ተንሳፍፏል። እጅጌውን አየሁ፤ ሰውየው በዚያ በኩል እጁን አግብቶ በጨለማ ሲዳብስ ታየኝ። ያ ረቢ! ሳጥኑ ካሜራም ነው፣ ጨለማ ክፍልም ነው! ፊልም የለውም፤ መስታወትም የለውም፤ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ወረቀት ላይ የተነሣ ፎቶ ደግሞ መጀመሪያ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ። ሰውየው ያንን ያጥበዋል፤ እዚያች ክንድ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ እሱኑ መልሶ ያነሳዋል። ሁለተኛው ወረቀት ላይ የተገለበጠው ተመልሶ ይቃናል። ትክክለኛው ፎቶ ሁለተኛው ነው!

«ሁመድ!» ብዬ ጮህኩ፤ አስተናጋጇ ብርጭቆ ለቀቀች። «ወረቀቱ አልተበላሸም! አላለቀም እንጂ አልተበላሸም! አያትህ ይዘውት የሄዱት የመጀመሪያውን ነው!»

«ይህን አይተሃል ወይስ ገምተሃል?» አለኝ።

«ገምቻለሁ» አልኩ። «መስታወቱንም ገምቼ ነበር። እንዲህ ዓይነት ካሜራ አይቼ አላውቅም። ይህችን እንጨትም ስልክህ ላይ አይቻት ነበር፤ ምስል አበላሸች ብዬ የቆረጥኳት እኔ ነኝ።»

«ይህንንም እናገራለሁ» አለ ሁመድ።

«ተናገር። መጀመሪያ ግን ለእናትህ ደውልና አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በልጅነቷ ወረቀቱን አይታው ከሆነ፣ የአባቷ ጸጉር ምን ዓይነት ነበር? ሽርጡስ ምን ዓይነት ነበር?»

ስልኩን አወጣ። የቀረው ባትሪ አራት በመቶ ነው። የሆቴሉ መብራት ጠፍቷል፤ የኔ ስልክ ደግሞ ገዋኔ ላይ ሞቷል። ደወለ፤ አነሣች፤ ድምፁን ክፍት አደረገው። አፋርኛዬ ለገበያ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ሁመድ ወደ አማርኛ እየመለሰ ነገረኝ።

እናቲቱ ግን እንዲያው ዝም ብላ ጥያቄ የምትመልስ ሴት አይደለችም። ልጇ መንገድ ሄዷል፤ ወሬውን መስማት አለባት። መንገዱ እንዴት ነው? ሰላም ነው። ዝናብ አየህ? ገዋኔ ላይ ደመና አየሁ፣ ዝናብ አላየሁም። ግመሎች አየህ? አየሁ። የማን ናቸው? ሦስት በመቶ። ሚሌ ላይ ማንን አገኘህ? እሱም ያገኘውን ሁሉ በስም ይቆጥራል። «ሁመድ በአላህ! ጸጉሩን!» እላለሁ። እጁን ያነሳብኛል፤ ቆይ ማለቱ ነው። ወሬ ሳያደርሱ ወሬ መጠየቅ ነውር ነው። ሁለት በመቶ። እትዬ አልማዝም ነገሩ ገብቷቸው «አንቺ ሴትዮ፣ ስለ ማርያም!» እያሉ ከጎኔ ቆመዋል፤ ሐሊማ አትሰማቸውም። በመጨረሻ ጠየቃት።

ሐሊማ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጸጉሩ ነጭ ነው ትላለች» አለ ሁመድ። «አባቷ ወጣት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጸጉሩ እንደ ሽማግሌ ነጭ ነው። ነጭ ሽርጡ ጥቁር ሆኗል። ፊቱ ደግሞ ነጥቷል፤ ዓይኑ ላይ ነጭ የሚሆነው ጥቁር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ‹ጂኒ ነው የተነሳው› ብሎ ፈራ፤ ለዚህ ነው በቆዳ የተሰፋው። ‹ተበላሸ› ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ሰው ሲል ሰምቼ። እሷ ያለችው ይህን ነው።»

«ፎቶ አንሺው ምንም አላለውም ወይ?»

ጠየቃት። አንድ በመቶ። «አባቴ የነገረኝን እነግራችኋለሁ ትላለች። ሰውየው እጁ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እየጮኸ ተከተለው። አባቷ አማርኛ አይሰማም። ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ ሮጠ። ግመሎቹ ጋ እስኪደርስ አል...»

ስልኩ ሞተ።

ይሙት! እኔ የምፈልገውን አግኝቻለሁ። እትዬ አልማዝን አቀፍኳቸው፤ አስተናጋጇን ጨበጥኳት፤ ሁመድን ለማቀፍ ሞከርኩና ደረቱ ላይ ቀረሁ። ያ ምስኪን ፎቶ አንሺ «ቆይ፣ አላለቀም!» እያለ በዚያ ፀሐይ ሲሮጥ፣ የሁመድ አያት ደግሞ ከፊቱ ሲፈረጥጡ ታየኝና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሁመድም ሳቀ። ሆቴሉ በሙሉ ሳቀ። ያቋረጥነውን ምሳ ሁለተኛ አዘዝን።

ሐሊማ በሦስተኛው ቀን ሰመራ ገባች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት፤ የልጇን ክንድ ይዛ ነው የምትሄደው። ወንበር ሰጠናት። ቆዳውን ከአንገቷ ፈታች፤ ስፌቱን በትንሽዬ ቢላ ዘሀራ በጥንቃቄ ተረተረችላት። እኔ አልነካሁም። ወረቀቱ ቢደርቅስ? ቢፈርስስ? ከነአካቴው ቢጠቁርስ? በሬ ላይ የቆመው ሰው ብዛት ደግሞ አይጣል ነው፤ ወሬው ደርሶታል።

ወረቀቱ ወጣ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ አንድ ጥጉ ተበልቷል። መሃሉ ግን ደህና ነው። ነጭ ጸጉር፣ ጥቁር ሽርጥ። ስካነሩ ላይ አስተኛሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ምንም አልቆረጥኩም፤ ከነተበላው ጥግ፣ ከነጣት አሻራው ተውኩት። ቢስሚላህ ብዬ ምስሉን ገለበጥኩት።

ሰው መጣ። ወላሂ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ሰው መጣ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ ከፊት ጥርሶቹ መሃል ፍንጭት ያለው። ሳቁን ይዞ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል። ዘሀራ አፏን ያዘች። እኔ «አገኘሁህ! አገኘሁህ!» እያልኩ ጠረጴዛውን ስደበድብ፣ ውጭ ያለው ሰው አላህን እያመሰገነ ጮኸ።

ማሽኔ በሚችለው ትልቁ ወረቀት አተምኩና ሰጠኋት። ሐሊማ ወረቀቱን አፍንጫዋ እስኪነካ አስጠጋችው። ከጸጉሩ ጀምራ ወደ ታች፣ ከታች ደግሞ ወደ ላይ አየችው። ዘሀራ ቬንትሌተሩን ሳይቀር አጠፋችው።

«ልጅ ነው እኮ!» አለች፤ ሁመድ እየመለሰልን። «ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ልጅ ነው።» ከዚያ ቀና አለች። «ሁመድ፣ ካንተ ያንሳል። ና አያትህን ሰላም በለው።»

ያ ግዙፍ ሰውዬ መጥቶ ተንበረከከ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እጅ ሳመ። ሲነሣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐሊማ ወረቀቱን ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ አስደግፋ አቆመችው። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ከዚያ በአፋርኛ መናገር ጀመረች፤ ለእኛ ሳይሆን ለእሱ። ሁመድ እያንሾካሾከ ነገረኝ። ከሄደበት ቀን ጀምራ ወሬውን ሁሉ እያደረሰችው ነው። ግመሎቹ የት እንደደረሱ፣ እናቷ በየትኛው ክረምት እንደሞተች፣ ስንት እንደወለደች፣ ስንቱ እንደቀረላት። ምድረ በዳ የነበረው ቦታ ላይ ሰመራ የምትባል ከተማ እንደተሠራች። ያየችውን «አየሁ»፣ የሰማችውን «ከእገሌ ሰማሁ» እያለች። የኔም ተራ ደረሰ። «እዚህ የቆመው ሰውዬ መጀመሪያ ያላየውን አየሁ አለ። ቀጥሎ ቆረጠ። በኋላ ስህተቱን ራሱ ተናገረ፤ አንተንም አመጣህ» አለችው። አንዱንም አላስቀረችም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚህ ደስ ያለኝ ግን የለም።

ጉዳዩ ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም። ከሞተ ጀምሮ ያለው ዕድሜ ሁሉ ነዋ! ዘሀራን ጠቀስኳትና ወጣን፤ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። በረንዳው ላይ ቆሜ ደረቴን ነፍቼ ሳለሁ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ከባጃጅ ወርዳ እየተጣደፈች መጣች።

«ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነበር። ዝግ ነው?»

«ለዛሬ ዝግ ነው እህቴ።»

በበሩ ስንጥቅ አየች። «ውስጥ ሰው አለ እኮ! ሲያወሩ እሰማለሁ።»

«አዎ» አልኳት። «አባትና ልጅ ናቸው። ከተያዩ ቆይተዋል፤ ነገ ነይ።»